ደራየሩ ላይ የተቀመጠው ባትሪ

ሰልዋ ከቆሻሻ ሁሉ አብልጣ የምትጸየፈው የሰው አፍ ውስጥ የነበረን ነገር ነው። ጋሽ ብርሃነመስቀል ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በብርጭቆ ውሃ ዘፍዝፈው ልብስ በሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ የገንዳው ጠርዝ ላይ ትተውት ስታይ፣ የበላችው ሁሉ ወደ ጉሮሮዋ ይመለሳል። ውሃው ደፍርሶ፣ ከጥርሱ መሃል የለቀቀች የጎመን ቁራጭ ላዩ ላይ ትንሳፈፋለች። ሰልዋ ልብሷን ማሽኑ ውስጥ ወርውራ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወጣለች።

ቤቱ ኢስት ፖይንት የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ሰልዋና ታናሽ እህቷ ነጅዋ ተከራይተውት ላይኛው ፎቅ ይኖራሉ፤ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ለጋሽ ብርሃነመስቀል አከራይተዋል። ጋሽ ብርሃነመስቀል ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዲቪ ደርሷቸው መጥተው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ የመንገደኛ ማመላለሻ ቫን ያጥባሉ። ክፉ እንዳልሆኑ ሰልዋም አትክድም። ግን የሰርዲን ጣሳ ከነሹካው ሁለት ቀን ያሳድራሉ። የእግር ጥፍራቸውን ቆርጠው እዚያው መሬት ላይ ይተዉታል። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይመጣል።

ሰልዋ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ናት። ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን ሰው ፀጉር ከመታጠቢያ ገንዳ ስትለቅም ስለምትውል፣ "ቤቴ ገብቼ ደግሞ ቆሻሻ አላይም" ትላለች። መኪናዋ በግጭት ከጥቅም ውጭ ከሆነች ወዲህ ሥራ የምትሄደው በኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። እንደተመለሰች ባትሪውን ገና ትኩስ ሳለ ትነቅልና ቤዝመንት ወርዳ ልብስ ማድረቂያው ደራየር ላይ አስቀምጣ ቻርጅ ታደርገዋለች። አረንጓዴው መብራት በርቶም አትነቅለውም። ከሥራ ኦፍ በሆነችባቸው ቀናትም፣ ደራየሩ ከሥሩ እየጋለና እየተንዘፈዘፈ፣ ባትሪው እንደተሰካ ይሰነብታል። ሙሉ ሆኖ ካላየችው አንጀቷ አይርስም።

ጁላይ ላይ ቻርጀሩን ሁለት ቀን ተነቅሎ አገኘችው። በሦስተኛው ባትሪው ራሱ ከደራየሩ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል፤ እጀታው ላይ የዘይት ጣት አሻራ አለበት። አሸተተችው፤ ሰርዲን ነው። አንገሸገሻት።

"ጋሼ፣ ባትሪዬን ነክተዋል?" አለች፣ በራቸው ላይ ቆማ።

"አዎ ልጄ። ሲግል አይቼ ነቀልኩት። ደግሞ ሽታ ነበረው።"

"ሽታ?" ሰልዋ ሳቅ አመለጣት። እኚህ ሰው ስለ ሽታ ሊያወሩ! "እባክዎ አይንኩብኝ። ሙሉ ካልሆነ መንገድ ላይ ይቀራል።"

"እሺ" አሉ፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ። ያ መጥረግ ደግሞ ከሁሉ ባሰባት።

እሷም ሳታሸትተው ቀርታ አይደለም። ጣፈጥ የሚል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ላውንደሪው ውስጥ ሰንብቷል። የጥርሳቸው መዘፍዘፊያ ነው ብላ ደምድማ ነበር።

ኦገስት ገባ። አንድ ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት፣ ወደ ሥራ ስትሄድ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ደረሰች። ስክሪኑ ከአምስቱ የባትሪ መስመር አራቱን ያሳያል። ኋላዋ የጭነት መኪና አለ። መስቀለኛው መንገድ ላይ የትራፊክ መብራቱ ሳይቀየርባት ለማለፍ ኃይሉን ጨመረች። ያን ጊዜ ብስክሌቱ ድርግም አለ። ስክሪኑ ጠፋ፣ ሞተሩ ዝም አለ፤ ፔዳሉ ሰው ከታች የያዘው ይመስል ከበዳት። ከኋላዋ ፍሬን ሲጮኽ ሰማች። መሪዋን ወደ ቀኝ ጠምዝዛ መንገዱ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ ከነብስክሌቷ ወደቀች።

የመኪናው ጎማ እሷ ከነበረችበት አልፎ ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሰደባትና ሄደ። ቦዩ ውስጥ የቆመ ውሃ ነበር፤ የተጣለ ዳይፐርና የዶሮ አጥንት የሞላበት ውሃ። አፏ ገብቷል። ሰልዋ በአራት እግሯ ሆና እስኪበቃት አስመለሰች። ጉልበቷ ተልጧል፤ የእጇ አንጓ አብጧል። ብስክሌቱን ስትነካካው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ስክሪኑ በራ። አራት መስመር!

እየገፋች ቤት እስክትደርስ በልቧ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ቤዝመንት ምሳ እየበሉ አገኘቻቸው። ነጅዋ ድምፅ ሰምታ ስትወርድ፣ እህቷ ከነጭቃዋ ሽማግሌው ፊት ቆማ እየጮኸች ነበር።

"ልሞት ነበር! እየነቀሉ እየነቀሉ አበላሹት! አይንኩ አላልኩም?"

"ከነገርሽኝ ወዲያ አልነካሁም ልጄ። እኔ—"

"ውሸት! እርስዎ የነኩት ነገር ሁሉ ይበሰብሳል! ይሸታሉ እኮ! ጥርስዎን፣ ጥፍርዎን፣ ትራፊዎን እያየሁ ስንት ቀን አስመልሶኛል መሰለዎት?"

"ሰልዋ! ኧረ በአላህ!" አለች ነጅዋ።

ጋሽ ብርሃነመስቀል የያዙትን ጉርሻ ሳሕኑ ላይ መለሱት። እሑድ የወንድማቸው ልጅ እንድርያስ በመኪና መጥቶ ሁለት ሻንጣቸውን ጭኖ ወደሚኖርበት ስኔልቪል ወሰዳቸው። ክፍሉን ጠርገውት ነው የሄዱት። ሰልዋ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ በበረኪና ፈገፈገችው።

በሳምንቱ ነጅዋ እሷንም ብስክሌቱንም ጭና ሎረንስቪል፣ ጋራዡ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን ዮናታን የሚባል ልጅ ዘንድ ወሰደቻት። ዮናታን ባትሪውን ከመለኪያ መሣሪያ ጋር አገናኝቶ፣ ዳገት የሚወጣ ያህል ጫና ሰጠው። የኃይሉ ቁጥር ቁልቁል ወርዶ ባትሪው በሰከንዶች ውስጥ ጠፋ።

"ሲ? አየሽ፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሙሉ ይመስላል፤ ዳገት ላይ ስትጫኚው ግን ይወድቃል፣ ራሱን ያጠፋል። ውስጡ ያሉት ሴሎች ደክመዋል። የት ነው ቻርጅ የምታደርጊው?"

"ደራየሩ ላይ።"

"ደራየር ላይ? ላይክ፣ ማለቴ፣ እየሠራ?" ቀና ብሎ አያት። "መቼ ነው የምትነቅይው?"

"ሥራ ስሄድ።"

ዮናታን ባትሪውን ገለበጠው። ሥሩ አብጧል፤ ላስቲኩ ቡናማ ሆኗል። "አሸተትሽው?"

አሸተተችው። ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ነው።

"ውስጡ ያለው ኬሚካል እየፈሰሰ ነው። ከሥራ ስትመጪ መጀመሪያ ይብረድ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ቻርጅ አድርጊ፤ ሰማንያ ፐርሰንት ላይ ንቀይ። ሁሌ መቶ ላይ ታፍኖ፣ በሙቀት ላይ ሙቀት! ቤታችሁን አለማቃጠሉ ነው የገረመኝ። የሚነቅልልሽ ሰው አልነበረም?"

ነጅዋ እህቷን አየቻት። ሰልዋ ያንን "ይሸታሉ" ያለ አፏን በውስጧ አየችው፤ እንደዚያ ብርጭቆ ውሃ የደፈረሰ መሰላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስኔልቪል ሄዱ። በሩን የከፈቱት ጋሽ ብርሃነመስቀል ራሳቸው ናቸው። ጥርሳቸውን አላደረጉም፤ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ሲያይዋት በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሰልዋን ከምንም በላይ የቀፈፋት ይህ ነው። እሳቸው አይደሉም፤ ሰው በገዛ አፉ እንዲያፍር ያደረገችው እሷው ራሷ ናት።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የሚሸተውም ባትሪው ነበር። አውፍ ይበሉኝ።"

"ነግሬሽ ነበር እኮ" አሉ፣ ከመዳፋቸው ጀርባ።

"ነግረውኛል። ይመለሱ፤ ክፍሉ ባዶ ነው።"

"ይቅርታውን ተቀብያለሁ። መመለሱ ግን ይቅር። ቆሻሻ መሆኔን እኔም አላጣሁትም፤ ብቻዬን ስኖር ነው የለመድኩት። አሁን አንቺ ቤት ብገባ ውሃ ስጠጣ እንኳ ታይኛለሽ እያልኩ እሳቀቃለሁ።"

"ከዚህ ሥራው አይርቅዎትም?"

"ይርቃል። እንድርያስ አንድ ሰዓት ይነዳልኛል።"

ለስንብት እጃቸውን ዘረጉ። ጥፍራቸው ሥር የቫን ቅባት አለ። ሰልዋ ጨበጠቻቸው። መጸየፉ ግን አልጠፋም ነበር፤ ከእጇ ተነሥቶ እስከ ክንዷ ሲወጣ ተሰማት። ያም ሆኖ እጇን ቀድማ አልሳበችም።

አሮጌውን ባትሪ ዮናታን አደገኛ ቆሻሻ ወደሚሰበሰብበት ወሰደው። ሰልዋ በአውቶቡስ ስድስት ሳምንት ከተመላለሰች በኋላ አዲስ ገዛች። አሁን ቻርጅ የምታደርገው በረንዳው ጥላ ሥር፣ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ ሰማንያ ሲሞላ ትነቅለዋለች። ቤዝመንቱን እስካሁን አላከራዩትም። ነጅዋ ሰው አምጥታ ስታሳይ ሰልዋ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች፤ ከዚያ በራሷ ታፍርና "አንቺ ወስኚ" ብላ ወደ ላይ ትወጣለች።