የቄስ እንግዳው ግዝት

ንፍሮው ደሳለው ጋ ሲደርስ ዘለለው።

ሰፌዱን ይዛ የምታዞረው አክስቱ አገኘሁሽ ናት፤ የሟቹ የቄስ እንግዳው እህት። በቀኙ ለተቀመጡት ሽማግሌ በእፍኟ ዘግና ሰጠች፤ በግራው ላሉትም ሰጠች፤ እሱን እንደ ድንኳኑ ምሰሶ አልፋው ሄደች። ክፋት አይምሰላችሁ። ከተገዘተ ሰው ጋር እህል የቀመሰ ግዝቱ ለራሱም ይተርፈዋል፤ ፎገራ ላይ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ደሳለው ለአባቱ ቀብር አልደረሰም። መንገድ ተዘግቶ፣ መኪና ጠፍቶ፣ የወታደር ልብሱን ሻንጣው ሥር ደብቆ ስንት ነገር አልፎ ወረታ ገባ። ከዚያ የተሳፈረባት ባጃጅ ጭቃ ስትይዛት ወርዶ የሩዝ ማሳ ድንበር ለድንበር በእግሩ ገሠገሠ። ሲደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። «አባዬ!» ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ለቅሶ ላይ ራሱን የሚጥል ሰው ደጋፊ አያጣም። ደሳለውን ግን ማንም አላነሳውም፤ አልቅሶ አልቅሶ ራሱ ተነሣ።

ድንኳኑ ከደጅ ስለተተከለ እንጂ መቀመጫም አይኖረውም ነበር፤ ቤቱን እንዳይረግጥ ተገዝቷል። ነገ ደግሞ ሣልስቱ ነው። ካህናቱ መቃብሩ ላይ ይጸልያሉ፤ ቤተሰቡ ከራስጌ ይቆማል። ነገ ካልቆመ ሌላ ቀን የለውም፤ ፈቃዱ ያልቃል፣ ወደ ጦሩ ይመለሳል። በዚህ ዘመን አንድ ወታደር ዳግመኛ አገሩን ማየት አለማየቱን ማን ያውቃል?

«መቃብሩን ሊረግጥ ይሆን?» ይላል አንዱ በሹክሹክታ።

«ኧረ ወዲያ! የአባት ግዝት ተጥሶ? ለዘር ይተርፋል።»

ነገሩ የተጀመረው ትንሿ እህቱ ሰገን በወባ በሞተችበት ክረምት ነው። ደሳለው ያኔ ጺም እንኳ ያላበቀለ፣ አንገቱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ልጅ ነበር፤ ጣራ ገዳም ዜማ ይማራል። ለቅሶ መጣና ከአባቱ ፊት ቆመ።

«ሰማዩ ባዶ ነው አባዬ። ይህን ሁሉ ሌሊት ቆመው ሲለምኑ ማን መለሰልዎ?»

ማተቡን በማጭድ በጥሶ በአባቱ እጅ ላይ አኖረው። ቄስ እንግዳው ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ይህን ክፉ ቃል በአፍህ ሽረህ እስክትነግረኝ ቤቴን እንዳትረግጥ! ብሞት መቃብሬን እንዳትረግጥ! በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዝቼሃለሁ!» አሉ። እሳቸውም ልጁም ግትር ናቸው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለጡ። ልጁ ሄዶ ወታደር ሆነ፤ አየር ወለድ ገባ።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ የንስሐ አባት ቄሰ ገበዝ ሰውመሆን መጥተው ከአጠገቡ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

«ከሰማይ ትዘላለህ አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ አባቴ። በጃንጥላ ነው።»

«እብድ! እኔ ከበቅሎ ስወርድ እንኳ ደጋፊ እፈልጋለሁ። እና ላይ ምን አየህ?»

«ምንም።»

«እንዳልከው ባዶ ነዋ።»

ደሳለው መሬት መሬት አየ። «የመጀመሪያ ቀን የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ጠርዙን ጨብጬ ቀረሁ። አሰልጣኙ ትከሻዬን ሲመታኝ አፌ ሳላዘው ‹አቡነ ዘበሰማያት› አለ።»

«ሲፈራማ የማይጸልይ ማን አለ? ጅብ ያባረረው ሁሉ መናኝ ነው።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ፍርሃቱስ መሬት ስነካ ለቀቀኝ። ያልለቀቀኝ ሌላ ነው። ጃንጥላውን የሚያጥፉልን ሴቶች አሉ። የእኔን የትኛዋ እንዳጠፈችው አላውቅም፤ መልኳን አይቼ አላውቅም። ግን ነፍሴን ለእጇ ሰጥቼ ዘለልኩ። ሥልጠናውን ጨርሼ የአየር ወለዱን የክንፍ ምልክት ደረቴ ላይ እስኪሰኩልኝ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። ኋላ ራሴን ታዘብኩት። ለማላያት ሴት ነፍሴን የምሰጥ ሰው፣ አባዬ በማያዩት ያምናሉ ብዬ ሳቅሁባቸው። ሰገን ለምን እንደሞተች ዛሬም አላውቅም አባቴ። ባዶ ግን አይደለም። አይደለም።»

ቄሰ ገበዙ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «ይህን ለእንግዳው ነግረኸዋል?»

«ክንፉን ያገኘሁ ዕለት ለእማዬ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ‹ማተብ ልሰር ነው፣ ለአባዬ ንገሪልኝ› አልኳት። ድምፅ የለም። ኔትወርክ ተቋርጧል ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ይደውላሉ ብዬ ጠበቅሁ... ጠበቅሁ።»

«አይ ልጄ! ለእናት የነገሩት ለአባት አይሆንም። ‹በአፍህ› ብሏል። አሁን በምን አፍ፣ ለየትኛው ጆሮ ትነግራለህ? እኔስ ምን ብዬ ልፍታው?»

«ሰምተዋል» አለች እናኑ።

ከትናንት ጀምሮ ከልቅሶ በቀር ድምፅ ያልወጣት እናቱ ናት። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ስልኩ ሲጠራ አጠገቤ ነበሩ። ድምፅህን ሲሰሙ ከእጄ ነጠቁኝ። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙህ። ቃል አልተነፈሱም፤ እንባቸው ግን ጢማቸውን አረጠበው። ያናግሩት ብላቸው እንቢ አሉ። ‹እንዳትነግሪው። መጥቶ በዓይኔ ልየው፤ ማተቡንም በእጄ አስርለታለሁ› አሉኝ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ስንል ሞት ቀደመን።»

«እኔ እሳቸውን ስጠብቅ... እሳቸው እኔን ሲጠብቁ?» አለ ደሳለው።

«ትናንትም ልነግርህ ነበር። የሙት ቃል ሆኖብኝ አፌን ያዘኝ። እኔው ልኮነን!»

ደሳለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ምነው አንዳቸው ትንሽ ቢሸነፉ! ምን ነበረበት?

ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «በአፉ ነግሮታል፤ በጆሮው ሰምቶታል። የግዝቱ ቃል ተፈጽሟል። እግዚአብሔር ይፍታህ!» ብለው ግንባሩን አሳለሙት። አገኘሁሽ ዓይኑን ሳታይ ሰፌዱን ይዛ መጣች። በሁለት እጇ ዘግና መዳፉን ሞላችለት። «እንካ፤ ብላ» አለችው። አንዲት ፍሬ ሳያስቀር በላው።

እናኑ ከመቀነቷ ጫፍ ጥቁር ማተብ ፈታች። «ራሳቸው የገመዱት ነው» አለችና ከኋላው ቆማ አንገቱ ላይ አዞረችው። ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ሳብ አደረገችው። ያንን ወፍራም የወታደር አንገት ሊዞረው አልቻለም።

«ወይኔ ወንድሜ!» አለች አገኘሁሽ። «የያኔውን አንገቱን ለክቶ!» ለቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ።

«ሌላ ይታሰርለት፤ ክር መች ጠፋ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«አይሆንም» አለች እናኑ።

የሟቹ ኩታ ወንበር ላይ ተዘርግቷል። እናኑ ከጠርዙ አንድ ነጭ ክር መዘዘች። በአፏ አረጠበችው፤ ጭኗ ላይ ገመደችው፤ ከጥቁሩ ጋር ቀጠለችው። ደሳለው ተንበርክኮ አንገቱን ዝቅ አደረገላት። ቋጠረችለትና እንዳይጠብቅበት አንድ ጣቷን ከክሩ ሥር አስገብታ ለካች።