ወገብ፣ ሰማንያ አራት

ሰፈሩ ሁሉ «ሴንቲ» የሚለው ልብስ ሰፊ በሥራው ቀልድ አያውቅም። ሜትሩን የደንበኛው ሰውነት ላይ ጠምጥሞ፣ እስፒል በጥርሱ ነክሶ ቁጥሩን ይጠራል፤ ሚስቱ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። የጠራውን እዚያው ይረሳዋል። ጨርቅ የሚቆርጠው ደብተሩን አይቶ ነው። ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ አንድም ልብስ አበላሽቶ አያውቅም፤ በዚህ ላይማ ጉራው አይጣል ነው።

ለእህቱ ሠርግ ቀሚስ ሊሰፋላት የሚስቱን ልክ የወሰደ ዕለት «ወገብ፣ ሰባ ስድስት» ብሎ ጠራ። እሷ «ሰማንያ አራት» ብላ ጻፈች። የአምናው ልኳ ነበር።

ምን ታድርግ? ሰውነቷ ሊያጋልጣት ተነስቷል። አራት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ስትወጋው የኖረችውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ካቆመች ወራት አልፈዋል። መርፌውን ስትወጋ የመጣው ውፍረት እንደመጣ ሄደ። አገጯ ላይ እንደ ጎረምሳ ብጉር ወጣባት። ፀጉሯ ማበጠሪያ ሙሉ እየተነቀለ ይመጣል፤ የወር አበባዋም ጠፍቶ ከርሞ ሲመጣ አንሶላ አበላሸ። ነርሷ «አትደንግጪ፣ ሰውነትሽ ወደ ራሱ እየተመለሰ ነው፤ እስክታረግዢ ግን እስከ ዓመት ሊፈጅ ይችላል» ብላታለች። ለነርሷ መናገሩ ቀላል ነው።

ሴንቲ ስለ መርፌው የሚያውቀው ነገር የለም። እህቷ በወሊድ ከሞተች ወዲህ እርግዝና ሲነሳ ፍርሃት ይይዛታል፤ ይህን ለባሏ መንገር አቅቷት በድብቅ ጀመረች። እሱ ልጅ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ ጥፋቱን ወደ ራሱ ወሰደ። ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ቢለውም አላመነም። ስንት ዓይነት ኪኒን ዋጠ! አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጦ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጅ ነፈግኩሽ» ሲላት እውነቱን ለመናገር አልደፈረችም። የሚቀጥለውን የመርፌ ቀጠሮ ተወችው። ካረገዘች ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል ብላ ነበር።

አሁን ደግሞ «ከስተሻል፣ ሐኪም ቤት ካልሄድን» እያለ ይነዘንዛታል። አብሯት ሊገባ! ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ስምንት ሴንቲ ሜትር መቀነሷ ደብተር ላይ ከሰፈረማ ጉድ ፈላ። ቀሚሱ ሲያልቅ እሱ ሳያይ ወገቡን አጠበዋለሁ ብላ ተማመነች።

ሴንቲ ግን የመጨረሻውን ክር እንደበጠሰ «ነይ፣ ልበሺው» አላት።

ለበሰች።

«እስቲ ዙሪ።»

ዞረች። ቀሚሱ ወገቧ ላይ እንደ ጆንያ ተንዘላዘለ። ሴንቲ ደብተሩን ገለጠ፣ ስፌቱን ለካ፣ ተመልሶ ደብተሩን አየ። ሊጮህብኝ ነው ብላ ጠበቀች።

«ልክሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ አይደል?»

«አዎ።»

«ስምንት ሴንቲ!» እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «አየሽ፣ እጄም ከዳኝ። ድሮስ ከእኔ ምን ደህና ነገር ይወጣል!»

ጥፋቷን ለሁለተኛ ጊዜ ሊሸከምላት ነው። ይህን አልቻለችም።

«እጅህ ምንም አልሆነም» አለችው። «ሰባ ስድስት ነው ያልከው። ሰማንያ አራት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን ሲባል?»

ነገረችው። መርፌውን፣ እህቷን፣ አራቱን ዓመት፣ አንድም ሳታስቀር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ በሩን ከፈተና ፊታቸውን አይቶ መልሶ ዘጋው።

«ኪኒኑን ስውጥ ውሃ የምታቀብዪኝ አንቺ ነበርሽ» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ነበርኩ።»

ጥሏት የሚወጣ መስሏት ነበር፤ አልወጣም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቧ ላይ ጠመጠመ። ዐይኗን አላየም። ጣቶቹ ጫፉን መያዝ አቅቷቸው ሁለቴ አመለጠው።

«ሰባ ስድስት» አለ።

እሷ እንደ ልማዷ እጇን ወደ እስክሪብቶው ሰደደች። ሴንቲ ቀድሟት አነሳውና ራሱ ጻፈው።