ያልበሰለው ብጉንጅ

ሜይ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። እማማ ስታንካ ከምድጃ ያወጡትን ትኩስ ሽንኩርት በጨርቅ ይዘው ወደ መኝታ ቤቱ ሲገቡ ልጃቸው ሚንቾ የሚነዳውን የመንደሩን አውቶቡስ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ዞር በይ፣ ሙሽሪት» አሉ።

ኔድያልካ ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ከገባች ልጅ አሳድጋ ለወግ አድርሳለች። አማቷ ግን ዛሬም ሙሽሪት ነው የሚሏት። በጎኗ ዞረች። አሮጊቷ የምራታቸው ባት ላይ ትናንት ማታ ያሰሩትን ሽንኩርት ቀስ ብለው ፈቱት። አጎንብሰው አዩት። መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና አዩት።

«አልበሰለም። እልኸኛ ነው» አሉ። «የሚንቾ አባት አንገቱ ላይ የወጣበት እንኳ በሁለተኛው ሽንኩርት ፈርጧል።»

«ምናልባት ሽንኩርቱ ይሆናል ያልበሰለው» አለች ኔድያልካ ፊቷን ትራሱ ውስጥ እንደቀበረች።

«ዝም በይ አንቺ! ሽንኩርት መጥበስ ልታስተምሪኝ ነው?»

ነገሩ የወጣባት በቅዱስ ጊዮርጊስ ማግስት ነው። በመንደራችን በጊዮርጊስ ዕለት፣ ሜይ ስድስት፣ ሴቶች ፀሐይ ሳትወጣ በባዶ እግራቸው ወደ መስኩ ይወርዳሉ። በጤዛው ፊታቸውን፣ ክንዳቸውንና እግራቸውን ይታጠባሉ። በዚያ ጤዛ የታጠበ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጤና ይሆናል ይባላል። ኔድያልካ ዘንድሮም አልቀረችም። የደም ካንሰር እንዳለባት የታወቀው በበረዶው ወራት ነበር። ሁለተኛውን ዙር ኬሞ ጨርሳ ከከተማ ከተመለሰች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላትም። ሐኪሟ አፈር እንዳትነካ፣ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ እንዳትደፋ፣ ጥሬ ሰላጣ እንዳትበላ፣ ድመት እንዳታቅፍ ነግራታለች። ስለ ጤዛ ግን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አላነሳችም። «ጤና ፍለጋ የታመመ ካልወጣ ማን ሊወጣ ነው?» ብለው በዚያ ጠዋት የቀሰቀሷት እማማ ስታንካ ነበሩ። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ እየሳቁ ወረዱ። ስትመለስ ባቷ ላይ የደረቀ እሾህ የጫራት ቀጭን መስመር ነበረ። ማንም ልብ አላለውም።

ሐሙስ ዕለት ዝንብ የነከሰው የሚመስል ሮዝ ነጥብ ወጣ። ዓርብ ወይን ጠጅ መሰለ። ስለ ብጉንጅ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። የተጠበሰ ሽንኩርት ከተፈቀፈቀ ሳሙና ጋር ይታሰርበታል፣ መግል ይቋጥራል፣ ይፈርጣል፣ ቆሻሻው ይወጣል፣ አለቀ። እስኪበስል መነካካት ነውር ነው። ያልበሰለ ብጉንጅ ይዞ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው እስከ ገና ድረስ መሳቂያ ይሆናል።

ደግሞም ትኩሳት አልነበራትም። «ከሠላሳ ስምንት ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ኑ» ተብለው የተሰጣቸው መለኪያ አንድም ጊዜ ከዚያ አላለፈም። ሚንቾ ሁለቱንም ሌሊት የተኛው ይህን ተማምኖ ነው።

አሁን ግን ጠጋ አለ። የቁስሉ መሃል ሲጋራ የተተረኮሰበት ይመስል ጠቁሯል። ዙሪያውን ወይን ጠጅ ቀለበት ከቦታል። በጣቱ ጫን አደረገው።

«ያምሻል?»

«አይ። ዳር ዳሩን ትንሽ። መሃሉ የኔም አይመስለኝ።»

«እማዬ፣ ብጉንጅ አያምም እንዴ?»

የእማማ ስታንካ እጅ ሽንኩርቱን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ብጉንጅ የወጣበት ሰው አንሶላ እንኳ ሲነካው እንደሚጮህ እሳቸው ናቸው ለመንደሩ ያስተማሩት።

ያኔ ነው ሚንቾ ሌላውን ያየው። ሚስቱ በሜይ የክረምት ብርድ ልብስ ደርባለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ትራሷ ሥር ባዶ የክኒን ማሸጊያ ነበር። አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄን መቼ ነው የዋጥሽው?»

«ወገቤን ሲያመኝ ጊዜ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ፣ ጠዋትና ማታ።»

«ትኩሳት የሚያወርድ ክኒን እየዋጥሽ ነው ትኩሳት የምንለካሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ወገቤ ነው ያመመኝ አልኩህ እኮ!» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሚንቾ፣ ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ሰኞ እንሂድ። አሁን ከገባሁ አያስወጡኝም» አለች።

«ሳይበስል አታንቀሳቅሳት» አሉ እናቱ። «መንገዱ ይንጠዋል። ወደ ውስጥ ይመለሳል።»

«ገብቶ ቢሆንስ፣ እማዬ?»

እማማ ስታንካ ሽንኩርቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው የምራታቸውን ካልሲ መፈለግ ጀመሩ።

የሚንቾ መኪና ከሞተች ቆይታለች። አምቡላንስ ከከተማ ወደ መንደሩ እስኪወጣ እሱ ከተማ ይደርሳል። አውቶቡሱ ደግሞ በር ላይ ቆሟል፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሚነሳው ጉዞ ተራው ነው። ሚስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍኖ፣ ከሰው ራቅ እንድትል መጨረሻው ወንበር ላይ አስተኛት።

አደባባዩ ላይ ሦስት ሰው ተሳፈረ። አንዷ የቲማቲም ችግኝ ለገበያ የምታወርደው ቶታ ነበረች፤ ሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። ሚንቾ መንደሩን ሲወጣ ማርሹን ቀየረ፤ ታችኛው መንደር ሲደርስም አልቆመም። መንገድ ዳር አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሲጮሁ በመስታወቱ ታዩ።

«ውይ ሚንቾ!» አለች ቶታ። «አማቴን ጥለሃት አለፍክ! ሃያ ዓመት የጸለይኩትን ዛሬ ሰማህልኝ?»

ሰው ሳቀ። ሚንቾ አልሳቀም።

«ምነው፣ ሠርግ አለብህ? ችግኜን ሰላጣ አደረግከው እኮ!»

«ኔድያልካ ኋላ ናት» አለ።

ቶታ ዞር ብላ አየች። ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች፤ አፈር ያለባቸውን የችግኝ ሳጥኖቿን ወደ በሩ ገፋች። የወረዳው ከተማ ሲደርሱ ሚንቾ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ሁሉም ወረዱ።

«ሂድ» አለችው ቶታ ከመሬት ቀና ብላ። «አለቃህን እኔ አነጋግረዋለሁ። ሞተሩ ጨሰ እለዋለሁ። መዋሸት እንደሆነ አንተ አትችልበትም።»

ባዶውን አውቶቡስ ሆስፒታሉ እስካለበት ትልቅ ከተማ፣ እስከ ፕሎቭዲቭ ነዳው። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ማቆም ክልክል ነው ከሚለው ምልክት ሥር አቆመው።

ሐኪሟ ዶክተር ሳራንዴቫ የኔድያልካን ባት አይታ ነርሷን በዓይኗ ጠራች። ስም ሳይመዘገብ ደም ተቀዳ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ፣ በዚያው መስመር አንቲባዮቲኩ ገባ። ከዚያ ዶክተሯ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ በወይን ጠጁ ዳርቻ ዙሪያውን አሠመረች።

«ብጉንጅ ነው ብለን ነው» አለ ሚንቾ። «እስኪበስል እየጠበቅን ነበር።»

«ብጉንጅ አይደለም። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ነው ቆዳውን የሚገድለው። ከጭረቷ ይግባ ከሌላ ቦታ፣ አሁን አይታወቅም።» ወደ ኔድያልካ ዞረች። «እትዬ ኔድያልካ፣ መግል ዝም ብሎ አይመጣም። ነጭ የደም ሴሎች ተዋግተው ሲሞቱ ነው መግል የሚሆኑት። ኬሞው የእርስዎን አጥፍቷቸዋል። ገና አልተተኩም።»

«እና አይበስልም ነበር?»

«መቼም አይበስልም ነበር።»

ኔድያልካ ጣሪያውን አየች። «እሺ፣ ፀጉሬን ወሰዳችሁ» አለች። «መግሌን ደግሞ ለምን ፈለጋችሁት?»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ወዲያው የግሉኮሱን ጠብታ የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረች።

ኮሪደሩ ላይ ሚንቾ ተከተላት። «ሽንኩርቱ ነው?»

«ሽንኩርቱ ምንም አላደረጋትም። መቆየቱ ነው የጎዳት። ሐሙስ ብትመጡ ኖሮ...» ብላ ፊቱን አየችና ዓረፍተ ነገሩን ተወችው። «አሁን የምንችለውን እያደረግን ነው።»

ከሰዓት በኋላ ወይን ጠጁ የእስክሪብቶውን መስመር አለፈ። ወደ ማታ የደም ግፊቷ ወረደ፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊወስዷት አልጋውን መግፋት ጀመሩ። ሚንቾ ከጎኗ ተራመደ።

«አውቶቡሱን የት አቆምከው?» አለችው። ንግግሯ ተጎትቷል።

«በር ላይ። መቆም በማይፈቀድበት።»

«ይቀጡሃል።»

«ይቅጡኝ።»

«አንተ መቼም...» አለች። ሳትጨርሰው በሩ ጋ ደረሱ። ነርሷ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ አስቆመችው።

ስልኩ የጮኸው በሩ እንደተዘጋ ነው። ከቤት ነበር። እማማ ስታንካ ሞባይል አልለመዱም፤ ሁልጊዜ ይጮሁበታል። አሁን ግን ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ነበር።

«ልጄ፣ እንዴት ናት?»

«ተኝታለች። መድኃኒት እየሰጧት ነው።»

«ምን አሉ?»

«ከባድ ነው አሉ።»

«ሚንቾ፣ አትደብቀኝ። እኔ ነኝ ጠብቁ ያልኩት። ቀደም ብላ ብትመጣ ይሻል ነበር አሉ?» አሉት።

ሚንቾ የበሩን ትንሽ መስታወት አየ። ከወዲያ አንድ ሰው እጁን እያጸዳ ነበር። እናቱን በሕይወቱ በትልቅ ነገር ዋሽቷቸው አያውቅም፤ በትንሹም ሲሞክር ወዲያው ነበር የሚነቁበት። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«አላሉም፣ እማዬ» አለ። «የደሙ በሽታ ነው አሉ። ሐሙስም ብትመጡ ያው ነበር አሉ።»

«እንደሱ አሉ?»

«ዶክተሯ ራሷ ናት ያለችኝ።»



«እህል ቀምሰሃል?» አሉት አሮጊቷ።

«አሁን እበላለሁ።»

ኔድያልካ ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። ረቡዕ በመንደራችን ቀበርናት።