ኩሬው ዳር የተሰቀለው ጫማ

ጃግማል ጫማውን ገና ከሩቅ ለየው። በታናሽ ወንድሙ በራንዲፕ ኩሬ ዳር፣ ቀርከሃ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በአገራቸው በሲርሳ አዲስ ቤት ወይም የምትታለብ ጎሽ ያለው ሁሉ አሮጌ ጫማ ይሰቅላል፤ የምቀኛ ዓይን እዚያው አርፎ እንዲቀር። ይሄኛው ግን ጃግማል ከአውስትራሊያ ተጫምቶት የመጣው የራሱ ጫማ ነው።

"የመንደሩ ጫማ አለቀ እንዴ?"

"ያንተ ወፍራም ነው ጋሼ፣ ዝናብ ይችላል" ብሎ ሳቀ ራንዲፕ።

የራንዲፕ ሚስት ቢምላ፣ የባልን ታላቅ ወንድም በቀጥታ ማናገር ነውር ነውና፣ ከሻሿ ስር ወደ ባሏ ዞረች። "ቁጥሩም ትልቅ ነው በለው፤ ብዙ ዓይን ይይዛል።"

አባታቸው ሲሞቱ መራጩ ጃግማል ነበር። ጨው በልቶት እንደ አመድ የነጣውን መሬት ለታናሹ ትቶ የስንዴውን ወሰደ። ስለ ውሃ የተማረው እሱ! በጨዋማ ውሃ ሽሪምፕ የሚባለው ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ እንደሚረባ የሚያውቀው እሱ! ድፍረቱ ግን የራንዲፕ ሆነ። አሁን ሥጋ ቀርቶ እንቁላል እንኳ በማይገባበት ቤት የሚወራው ሽሪምፕ ብቻ ነው፤ እናታቸውም "ልጄ" ሲሉ ታናሹን ማለታቸው ነው።

ራንዲፕ ወንፊቱን ከውሃው አወጣ። ጃግማል አንዱን ሽሪምፕ ጫን አደረገው፤ ቅርፊቱ እንደ ረጠበ ወረቀት ተጣጠፈ። ውሃው ቅርፊት የሚያጠነክረው ማዕድን፣ ፖታሽ፣ አንሶታል። ዝም ከተባለ ኩሬው ሙሉ ያልቃል።

ዝም ቢልስ? ክፉ ደስታ ሽው አለበት። ቀና ሲል ጫማውን አየ። ዝም ብሎ ሽሪምፖቹ ቢሞቱ የሚወቀሰው የእሱ ዓይን ነው፤ ተናግሮ ቢሞቱም ያው የእሱ ዓይን ነው።

ሄዶ ለስንዴው ማዳበሪያ ያስቀመጠውን ፖታሽ በትራክተር ጭኖ መጣ። ቢምላ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

"ምንድን ነው በለው።"

"መርዝ ነው በላት!" አለ ጃግማል በንዴት።

ራንዲፕ ከጆንያው ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ፤ ፊቱ ተጨማደደ። "ይመራል። በትነው ጋሼ።"

ሽሪምፖቹ ጠነከሩ። በመረብ የወጡ ዕለት እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሹ ነበር። ነጋዴው በበረዶ ጭኖ ሲሄድ እናታቸው ጣፋጭ ይዘው መጡ። ጃግማል አፉን ሊከፍት ሲል አልፈውት ራንዲፕን አጎረሱት።

"ያንን ጫማ እንዳታወርዱት" አሉ። "እሱ ባይኖር ዛሬ ባዶ እጃችንን ነበርን።"

ጃግማል ወንድሙን አየው፤ የራንዲፕ አፍ ሞልቷል፣ ራሱን ብቻ በእሺታ ነቀነቀ።

በሕይወቱ በብዙ ሰው ቀንቷል። በገዛ ጫማው ሲቀና ግን የመጀመሪያው ነበር።