ከጨዋታው የወጡት

እናኑ በያዘችው ታብሌት ላይ የታችኞቹ ማሳዎች አንድ ባንድ ቢጫ ሆኑ። ትንንሾቹ ሰዎች መጀመሪያ ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ጠፉ። ነጥቡ ግን ሽቅብ ይሮጣል።

«ዘጠና ስድስት!» ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

መምህር ሰውነት የግንባሩን ላብ ጠረገ። የማንኩሳ ልጆች ለመጪው ዘመን የሚሆን ችሎታ እንዳላቸው የሚለካው በዚህ ውሃ የማከፋፈል ጨዋታ ነው፤ ከሰማንያ በላይ ያመጣ ብቻ ባሕር ዳር አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። እናኑ ትናንት በልምምዱ አርባ አንድ ነበር ያመጣችው። ለምን? ውሃውን ከቦዩ ጭራ ጀምራ ስላከፋፈለች ነዋ! አባቷ አያ ቂርቆስ የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው። እሳቸው ቦይ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚጠጣው የመጨረሻው ማሳ ነው፤ ከዱሮም ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ጨዋታው ግን ይህን «ብክነት» ይለዋል።

«ታችኞቹን ተያቸው» ብሎ የመከራት ራሱ ሰውነት ነው። «ጎበዝ ሰው የሚያዋጣውን ይመርጣል።»

እናኑ አሁን አልሳቀችም። ጣቷን ባዶው ማሳ ላይ አሳርፋ ጠየቀችው።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ?»

«ከጨዋታው ወጡ።»

«ማንም አይጠይቅም?»

«ማን ይጠይቃል? አለፍሽ እኮ አንቺ ልጅ!»

ነገር ሲገባት እንደምታደርገው ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ደብተሯን ሸክፋ ወጣች። አባቷን ወገባቸውን ካመማቸው ወዲህ ከትምህርት መልስ ቦዩን የምትከፍተው እሷ ናት።

አሥር ሰዓት ላይ ሰውነት ወደ ቤቱ ወረደ። የተከራየው ከቦዩ ጭራ፣ እትየ ዓባይነሽ ግቢ ነው። ዛሬ ተራው የሳቸው ነበር። ቦዩ ውስጥ ግን ጠብታ የለም፤ አንዲት እንቁራሪት ጭቃው ላይ ትንፈራገጣለች። እትየ ዓባይነሽ ከጠወለገው ድንቻቸው መሀል ቆመው አዩት።

ሽቅብ ቀና አለ። የላይኛው ማሳ በውሃ ያብለጨልጫል። እናኑ ከቦዩ በር አጠገብ አካፋዋን ተደግፋ ቆማለች።

ከኋላው ኮቴ ሰማ። የእትየ ዓባይነሽ ሁለት ጎረምሶች ናቸው፤ ሁለቱም ዱላ ይዘዋል። ታላቅየው ያረጋል አጠገቡ ሲደርስ ቆም አለ።

«መምህር፣ ያቺን ልጅ ማን መክሯት ነው?»

ሰውነት ሽቅብ ወደ እናኑ ዞረ።

እናኑ ከላይ አየችው። ክፍል ውስጥ መልሱን ስታውቅ እንደምታደርገው እጇን ሽቅብ አወጣች።