ታጥቦ የቆየው ሥር

ሥርጉት የማስተርስ ጥናቷን ልታቀርብ አራት ቀን ሲቀራት ድምዳሜው ተጽፎ አልቋል፤ «በባቄላው ሥር ባሉት ባክቴሪያዎች መካከል የኬሚካል ምልልስ አልተገኘም» ይላል። አማካሪዋም ፈርሞበታል። እኔ አምሃ፣ ሲግናል ሰፈር አጠገብ ባለችው ላቦራቶሪያችን ሃያ ዓመት ብልቃጥ ያጠብኩት፣ «እሰይ፣ ተገላገልሽ!» አልኳት።

ባክቴሪያ በኬሚካል ይነጋገራል። ያንን ወሬ የምትሰማልን ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ አለች። በመስታወት ሳህን አሳድገን ከሥሩ አፈር የተጣራውን ፈሳሽ ጠብ እናደርግባታለን፤ ወሬ ካለ ቀለሟ ወይን ጠጅ ይሆናል። ለሥርጉት ግን ሦስት ወር ሙሉ ነጭ እንደሆነች ቀረች።

«ጋሽ አምሃ፣ እነዚህ ሥሮች ንጽሕናቸው አልበዛም?» አለችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ተፈርሟል እኮ! የተኛ ነገር አትቀስቅሺ።»

ማን ሰምቶኝ! እየጎተተች እንጦጦ አወጣችኝ። ባቄላውን ቀድመው ነቅለው የሚያቆዩላት አቶ ወልደ ኢየሱስ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሥሩ ለምን እንዲህ ንጹሕ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ገረማቸው።

«ለእንግዳ ጭቃ ይሰጣል እንዴ ልጄ? በምንጭ ውኃ ደጋግሜ አጥቤ ነው የማቆይልሽ።»

ራሴን ያዝኩ። አፈሩም፣ ባክቴሪያውም፣ ወሬውም የሦስት ወር ልፋቷን ይዞ በምንጩ ወርዷል። እሷ ግን ፊቷ እንኳን አልተለወጠም። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ዛሬ እኔው ልቆፍር» ብላ ተንበረከከች። ሥሩን ከነጭቃው ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

በሁለተኛው ቀን ሳህኑን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ጠብታዎቹ ያረፉበት ሁሉ ወይን ጠጅ ሆኗል። ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት በአንዲት ባቄላ ሥር ሲማከሩ ማየት! ዕንባዬ መጣ።

ነገር ግን አንድ ሳህን ጥናት አይሆንም፤ ሥራው ከሀ ሊጀመር ነው። ዝም ብትል የተፈረመውን አቅርባ ትመረቃለች፤ የሚያውቅባትም የለም። እሷ ሳህኑንና ጥናቱን ይዛ አማካሪዋ ዘንድ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

«ስህተቱ የማን ነው?» አላት።

«የኔ። ሲነቀል ቆሜ ማየት ነበረብኝ።»

የሽማግሌውን ስም አላነሳችም። ስትወጣ ለወላጆቿ ደውላ ምረቃው ለከርሞ መሆኑን ነገረቻቸው። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ገባች።

«ኖር!» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ኧረ በእግዜር ጋሽ አምሃ! እኔ ልጅዎ አይደለሁም እንዴ?» አለች ደንግጣ።

እስክትቀመጥ ድረስ አልተቀመጥኩም።