ሃያ ምርጥ ቀለሃ

ሬሊን ጫፉ የታጠፈውን ሽቦ በቀለሃው አፍ አስገብታ ወደ ታች ላከችው። ከመቀመጫው ከፍ ብላ የውስጥ ግድግዳውን እየዳበሰች ስትመለስ ሽቦው ያዝ አደረጋት። ደገመችው። ያዝ። ደጋግሞ ከመተኮሱ የተነሣ ዓይን በማያየው ቦታ ናሱ ሳስቶ፣ ዙሪያውን ቦይ አውጥቷል።

«እህስ?» አሉ አባቷ።

አቶል ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከጋራዡ በር አጠገብ የሸራ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ይንጣጣል፤ ውጭ ባሕር ዛፉ ላይ በቀቀኖች ይንጫጫሉ። ጣቶቻቸው ከደነዘዙ ሁለት ዓመት ሆኗል። እሳቸው መምረጥ ስለማይችሉ ዳግም ባሩድ የሚሞላውን ቀለሃ የምትመዝነው፣ የአንገቱን ውፍረት የምትለካው፣ ሆዱን በሽቦ የምትፈትሸው ልጃቸው ናት።

እነዚህ ግን የሬሊን አይደሉም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ፣ ክብደታቸው በፀጉር ያህል እንኳ የማይበላለጥ መቶ ቀለሃዎች ናቸው። አቶል ለዓመታት ማንንም ሳያስነኩ አኑረዋቸው ነበር። ሬሊን አንድ ጊዜ ብትጠይቃቸው «ጊዜያቸው አልደረሰም» አሏት። ጊዜያቸው የደረሰው ታምሲን ስትመጣ ነው። ታምሲን የከተማዋ የከብት ሐኪም ናት፤ ጠመንጃ ከጨበጠች ሦስት ዓመቷ። ባለፈው የገና በዓል አቶል መቶውንም ከነሳጥናቸው ሰጧት። «እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም» ሲሉ፣ ሰላሳ ዓመት አብራቸው የተኮሰችው ልጃቸው ሳህን እያጠበች ትሰማ ነበር።

ዛሬ የፍጻሜው ውድድር ነው። ታምሲን ከአስሩ የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ገብታለች፤ ሬሊን አስራ አንደኛ ወጥታ ቀርታለች።

«ሬል፣ ምነው ዝም አልሽ?»

«ጥሩ ነው» አለች።

ቀለሃውን ለታምሲን ከተመረጡት አስራ ዘጠኝ ጋር አኖረችው። ባሩዱን ሰፈረች፤ የጥይቱን እርሳስ ሰካች። ሳጥኑን ስትሞላ ሃያዎቹን አደባለቀቻቸው። የሳሳው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልፈለገችም። ቢበዛ አንድ ተኩስ ይበላሽባታል አለች ለራሷ። ናስ ከተበጠሰ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንደሚመለስ ግን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ ተኩስ ሜዳው ላይ የንፋስ መጠቆሚያ ባንዲራዎቹ አንዴ ይነሣሉ፣ አንዴ ይወድቃሉ። ታምሲን ምንጣፏ ላይ በደረቷ ተኝታለች። ከጎኗ ያለው ወፍራም ተወዳዳሪ ቀና ብሎ፣ «ዶክተር፣ ላሞቹ ናፍቀውሽ ይሆናል፤ ብትመለሺላቸውስ?» አላት።

«ላሞቹስ ይሻሉኛል። ቢያንስ ሲሸነፉ አያለቅሱም።»

ሰዉ ሳቀ። አቶል ከኋላዋ ተቀምጠው በርቀት መነጽራቸው ኢላማውን ያያሉ። አንደኛው መሃል ገባ። ሁለተኛውም። በየተኩሱ የሽማግሌው ፊት እንደ ሙሽራ አባት ይፈካል። «እይዋት! እይዋት እስቲ!» ይላሉ፤ ለሬሊን ይሁን ለሜዳው አይታወቅም። ለሬሊን ተኩስ ግን እንዲህ ያለ ፊት አሳይተዋት አያውቁም። ሬሊን ትቆጥራለች። ሦስት። አራት። ጥይቱ በደህና ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር ከደረቷ ይወርዳል፤ እፎይታ ይሁን ቅሬታ መለየት አቃታት።

ከአምስተኛው በኋላ ላብ የታምሲንን የዓይን መከላከያ መነጽር አደበዘዘው። በሸሚዟ ጠረገችው፤ አልጠራ ሲላት አውልቃ ወዲያ አስቀመጠችው። ስድስተኛውን አጉርሳ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አስደገፈች።

«አቁሚ!»

ሬሊን የጮኸችው ራሷ መሆኗን ያወቀችው ሁሉም ዞሮ ሲያያት ነው። የሜዳው ኃላፊ ቀይ ባንዲራ አነሣ። ተኩሱ ቆመ።

«ከቀለሃዎቹ አንዱ ውስጡ ሳስቷል» አለች። «ጠዋት... ስፈትሽ አልታወቀኝም።»

አቶል ከመነጽሩ ቀና ብለው አዩአት።

«ያንቺ እጅ ስቶ አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው።

ሰላሳ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ነበር። መጥቶ ፊቷን እንደ ጥፊ አጋለው።

«አዎ» አለች። «ታውቆኛል።»

ታምሲን ስድስተኛውን ጥይት ከጠመንጃዋ አውጥታ፣ ሳጥኗን ዘግታ ከምንጣፏ አራቀችው። ከንፈሯ ነጥቷል።

«ሌላ ጥይት ለማምጣት አስር ደቂቃ አለሽ» አላት ኃላፊው።

«ያንቺ ጥይት አለሽ?» አለች ታምሲን፣ ሬሊንን ሳታያት።

የሁለቱንም በርሜል ያበጁት አቶል ስለሆኑ የአንዷ ጥይት ለሌላዋ ጠመንጃ ልክ ነው። ሬሊን መኪናዋ ድረስ ሄዳ የራሷን ሳጥን አመጣች። ከየፋብሪካው፣ ከየዓመቱ፣ አንድ በአንድ ለቅማ ያመሳሰለቻቸው ቀለሃዎች ናቸው። ታምሲን አንዱን አንሥታ በጣቶቿ አገላበጠችው። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ሬሊንን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«በዚህስ ልመንሽ?»

ሬሊን ተንበርክካ፣ ከምንጣፉ ውጭ ትኩሱ አፈር ላይ በደረቷ ተኛች፤ ፊቷንም ከታምሲን ፊት ጎን፣ ጠመንጃው ከሚጎርስበት ቦታ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አደረገች።

«ንፋሱ ከግራ ነው» አለች። «ትንሽ ጠብቂው።»

ቀዩ ባንዲራ ወረደ።